የነዳጅ ፊልትሮና የባሌ እህል

የአንድ አገር ሀብት ከእርሻ ላይ ይበቅላል፤ ሀብት ተብሎ የሚቆጠረው ግን ከእርሻው ተነሥቶ ከገበያው ሲደርስ ነው። ከማሳው ላይ እንዳለ ዝናም የወረደበት እህል ለባለቤቱ ድካም እንጂ ትርፍ እንደማይሆነው ማንም ያውቀዋል። በእርሻውና በገበያው መካከል ደግሞ ዛሬ ቆሞ የሚያገናኘው የጭነት መኪና ነው። ስለዚህ ስለ እህል የሚናገር ሰው ስለ መኪና ሳይናገር አያልፍም፤ ስለ መኪና የሚናገርም ስለ ነዳጅ ሳያነሣ አይቀርም። ስለ ነዳጅ እጥረትና ስለ ዋጋው መወደድ በየጊዜው ብዙ ይባላል፤ ስለ ነዳጁ ንጽሕና የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ባሌ ደጋ፣ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ አካባቢ መለስ ብለን፣ ከክንድ የማትረዝም፣ ዋጋዋም ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የማትገባ አንዲት ዕቃ በዚያ አገር የመጓጓዣና የእርሻ ሥራ ላይ ምን ያህል ኀይል እንዳላት ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል። ይህችውም መካኒኮች ፊልትሮ የሚሏት የነዳጅ ማጣሪያ ናት።

በሁለት መከር መካከል

የባሌ ደጋ በስንዴና በገብስ የታወቀ አገር ነው። ከሮቤ ዙሪያ ከሲናና ሜዳ አንሥቶ ወደ አጋርፋ፣ ወደ ጋሠራና ወደ ጎሮ የተዘረጋው መሬት ከአርሲ ደጋ ጋር ሆኖ ለአገራችን ብዙ ስንዴ ከሚያቀርቡት ቦታዎች አንዱ ነው። የሲናና የእርሻ ምርምር ማእከል ከዚያው መካከል መገኘቱም ስለዚሁ ነው። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። በአካባቢው አጠራር «ገና» በሚባለው ወቅት፣ በበልጉ ዝናም የተዘራው፣ በክረምቱ መካከል በሐምሌና በነሐሴ ገደማ ይደርሳል፤ «ቦና» በሚባለው ወቅት የተዘራው ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል።

ከሁለቱ የመጀመሪያው መከር ከዝናም ጋር እየተሻሙ የሚሰበሰብ ነው። ሰማዩ ለሦስት ቀን ቢገለጥ በሦስቱ ቀን ውስጥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በጆንያ ተሞልቶ መነሣት አለበት። ይህ ካልሆነ የደረሰው ስንዴ በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ የተወቃውም በእርጥበት ይሻግታል። ሜዳው ለመሣሪያ የተመቸ በመሆኑ ትራክተርና ኮምባይነር ወደ አካባቢው ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አብዛኛው ገበሬ በኮምባይነር የሚያሳጭደው በኪራይ ነው፤ መሣሪያውም ከአርሲ ወደ ባሌ፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ተራ የሚጠበቅለት ነው። እንግዲህ አንድ ኮምባይነር በመከር ወራት ግማሽ ቀን ቢቆም የሚጎዳው የመሣሪያው ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ አብሮ ይጎዳል። እህሉን የሚያነሣው የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቢቀርም ነገሩ ያው ነው።

መኪና የሚያቆመው ምክንያት ብዙ ነው። ጎማ ይፈነዳል፤ ባትሪ ይደክማል፤ ፍሬን ይበላል። ነገር ግን አስቀድሞ ሊታወቅና በጥቂት ወጪ ሊከለከል ከሚችለው ጉዳት መካከል በቆሸሸ ነዳጅ ምክንያት እንደሚመጣው ያለ የለም። የምንተነትነውም ይህንኑ ነው።

ነዳጁ ከየት ይመጣል? ምንስ ይዞ ይመጣል?

በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተዘጋ ወዲህ አገራችን የምትጠቀምበት ናፍታና ቤንዚን ተዘጋጅቶ የሚገባው ከባሕር ማዶ ነው። አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመጣል። ከመርከብ ወርዶ ወደ ማከማቻ ይገባል፤ ከማከማቻው በቦቴ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ብቻ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሮቤ ደግሞ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያም ከማደያው የምድር ውስጥ ታንክ ይገለበጣል፤ ከታንኩ ወደ መኪና፣ ወይም ለእርሻ ሲሆን ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑም ወደ ኮምባይነሩ ይተላለፋል። ነዳጁ ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ቢሆንም በየተገለበጠበት ዕቃ ሁሉ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ከአንዱ ዝገት፣ ከሌላው አቧራ፣ ከሌላው ውኃ።

አቧራውና ዝገቱ ለማንም ግልጽ ነው። የውኃው አገባብ ግን ብዙዎችን ያስገርማል። «ታንኬ ክዳን አለው፤ ማንም ውኃ አልጨመረበትም» የሚል ባለመኪና ብዙ ነው። እውነቱን ነው፤ ይሁን እንጂ ውኃው የሚገባው በክዳኑ በኩል በአየር መልክ ነው። የነዳጅ ታንክ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ሲበርድ አየሩ ስለሚሸበሸብ እርጥበት ያዘለ የውጭ አየር ይገባል። ያም እርጥበት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። በደጋ አገር፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት በባሌ፣ ይህ መተንፈስ የበረታ ነው። ታንኩ ሞልቶ ያደረ እንደሆነ የሚተነፍሰው አየር ጥቂት ነው፤ ግማሽ ሆኖ ያደረ እንደሆነ ግን የጤዛው መጠን ይጨምራል። ውኃ ከናፍታም ከቤንዚንም ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ ነዳጁ የሚቀዳበት ቱቦ ያለውም ወደ ታች ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠላ የጠመቀች ሴት ከጋኑ ሥር ያለውን አተላ አናውጣ አትቀዳም፤ ሳታጠልም አታቀርብም። ነዳጅም አተላ አለው። ልዩነቱ የጠላው አተላ ቢጠጣ የሚጎዳው አንድ እንግዳ ሲሆን፣ የነዳጁ አተላ የሚጎዳው ለብዙ ሰው እንጀራ የሆነውን መሣሪያ መሆኑ ነው።

በናፍታ ውስጥ የቆየ ውኃ ሌላም ጣጣ አለው። በውኃውና በናፍታው መገናኛ ላይ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራባሉ፤ እነርሱም ጥቁር ልጋግ መሰል ነገር ይፈጥራሉ። አንድ የእርሻ መሣሪያ ከመከር እስከ መከር ግማሽ ታንክ ናፍታ ይዞ ቆሞ ከከረመ፣ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ፊልትሮው በድንገት የሚደፈነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የናፍታና የቤንዚን ልዩነት

ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ካርቡራቶር፤ የጋራዣችን ቃላት አብዛኞቹ ከኢጣልያንኛ የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ይዛቸው ከመጣቻቸው ካሚዮኖች መካከል በናፍታ የሚሠሩ ፊያቶች ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሽማግሌ ነጂዎች እስከ ዛሬ በናፍቆት የሚያነሡት ፊያት ኤንትሬ በአገራችን ዳገትና ቁልቁለት ብዙ ዘመን አገልግሏል። ያን ጊዜ በቤንዚን የሚሠሩ የጭነት መኪኖችም ብዙ ነበሩ። ዛሬ ከባድ ጭነት የሚጭነው መኪና ሁሉ ለማለት ይቻላል በናፍታ የሚሠራ ነው፤ ቤንዚን የቀረው ለቤት መኪና፣ ለአንዳንድ አነስተኛ የጭነት መኪና፣ ለባጃጅ፣ ለሞተር ብስክሌትና ለውኃ መሳቢያ ሞተር ነው።

ሁለቱ ሞተሮች በቆሻሻ ላይ ያላቸው ትዕግሥት የተለያየ ነው። በካርቡራቶር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ቆሻሻ ሲገባበት ጠባቡ ቀዳዳ ይደፈንበታል፤ ሞተሩ ያስላል፤ ይጠፋል። መካኒኩ ካርቡራቶሩን ፈትቶ፣ አጥቦና ነፍቶ ሲመልሰው ብዙውን ጊዜ ይድናል። ቤንዚን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ በሚረጭባቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ፊልትሮው ሲደፈን ፓምፑ ከዐቅሙ በላይ ስለሚገፋ ይቃጠላል። በቤንዚን ላይ ኤታኖል፣ ማለት ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣው አልኮል፣ ሲቀላቀል ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። በአገራችን ይህ መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ አልኮል ውኃን የሚስብ ስለሆነ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ከታንኩ ሥር የመለየት ጠባይ አለው።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁ የሚነደው አየሩ በኀይል ተጨምቆ ሲግል በትክክለኛው ቅጽበት ስለሚረጭበት ነው። ይህንን የሚሠሩት ፖምፓውና ኖዝሎቹ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቢሆን ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከዚህ ሃያ ጊዜ ይበልጣል። ለብረቶቹ ቅባት የሚሆናቸውም ራሱ ናፍታው ነው፤ ሌላ ዘይት የላቸውም። ስለዚህ ዐይን የማያየው አቧራ እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል፤ ውኃ ቅባቱን አሳጥቶ ያዝጋቸዋል።

የቀድሞዎቹ መኪኖች ኖዝል የሚከፍተው ግፊት 200 ባር ያህል ነበር። አንድ ባር ማለት በባሕር ጠረፍ ላይ አየር የሚጫነንን ያህል ግፊት ማለት ነው። ዛሬ የሚገቡት አዳዲስ የጭነት መኪኖች ግን በ1,600፣ በ2,000 ባርና ከዚያም በላይ ይረጫሉ። ግፊቱ በጨመረ መጠን ትዕግሥቱ ቀንሷል። ሽማግሌው ኤንትሬ ችሎ ያልፈው የነበረውን ቆሻሻ አዲሱ መኪና አይችለውም። በቀድሞው መኪና የሠለጠነ ነጂ አዲሱን ሲረከብ ያልተማረው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል።

የሰነቴ ዳገት የሚያጋልጠው

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ መኪና አስቀድሞ መውጣት አለበት። ጎባ ራሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ መንገዱ ከዚያ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሰነቴን አምባ ያቋርጣል። 4,377 ሜትር የሚደርሰው የቱሉ ዲምቱ ተራራም የሚገኘው በዚሁ አምባ ላይ ነው። ከዚያም መንገዱ በሪራና በሐረና ጫካ በኩል ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከዶሎ መና ይደርሳል። አንድ ነጂ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ውርጭ፣ ከውርጭም ወደ ቆላ ይሻገራል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነጂ የሚገጥመው እንቆቅልሽ አለ። በሜዳው ላይ ደኅና ይሄድ የነበረው መኪና ሰነቴ ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ይንተፋተፋል፤ አንዳንዴም ይቆማል። ወደ ታች ሲመለስ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይሠራል። የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? ፓምፕ ነዳጅን ይስባል እንላለን፤ ነገሩን በትክክል ስንመለከተው ግን ነዳጁን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በታንኩ ውስጥ ከላይ የሚጫነው አየር ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ 100 ቢባል፣ በዶሎ መና ከፍታ 85 ያህል፣ በሮቤ 75 ያህል፣ በሰነቴ ላይ ግን 61 ያህል ብቻ ነው። በብዙ መኪኖች ፊልትሮው የሚገኘው ነዳጁ በሚሳብበት መስመር ላይ ስለሆነ፣ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ በቆላ ሲያሳልፍ የነበረውን ያህል ነዳጅ በሰነቴ ላይ ሊያሳልፍ አይችልም። እንግዲህ ሰነቴ ሕመም አይፈጥርም፤ የነበረውን ሕመም ይገልጣል።

እርግጥ ነው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ደኅናው ሞተርም ኀይሉ ይቀንሳል። ሁለቱን ለመለየት ነጂው ጭሱን ይመልከት። አየር ያነሰው ሞተር ነዳጁን አቃጥሎ ስለማይጨርስ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ግን ጥቁር ጭስ ሳያወጣ ይደክማል፤ ጉልበቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ሲጫን ይንተፋተፋል፤ ጧትም ለመነሣት ያስቸግራል። ጥቁር ጭስ ያየ የአየሩን ፊልትሮ ይመርምር፤ ጭስ ሳያይ ድካም ያየ የነዳጁን።

ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው። በሰነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በውኃ መለያው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ በረዶ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል። ናፍታውም ብርድ ሲበረታበት ሰም መሰል ነገር እያወጣ ፊልትሮውን ይሸፍነዋል። ማታ ውኃውን አፍስሶ ያደረ ነጂ ጧት መንገዱን ይቀጥላል፤ ያላፈሰሰው ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች ዋነኛው ያ አምባ ነው። ከፊልትሮ የሚፈስሰው ቆሻሻ ናፍታና የተጣለው አሮጌ ፊልትሮ በሣሩና በምንጩ ላይ ሊወድቅ አይገባውም። በጣሳ ተቀብሎ ወደ ከተማ መመለስ ለነጂው ከባድ ሥራ አይደለም።

የበርሜሉ ጉዳይ

መንግሥት ነዳጅ ከማደያ ውጭ በሕገ ወጥ መንገድ እንዳይሸጥ የሚከለክልና የሚቀጣ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. አውጥቷል። ይህ ከዋጋና ከእጥረት አንጻር ብዙ ተነግሮለታል። እኛ ደግሞ ከንጽሕና አንጻር እንደግፈዋለን፤ ምክንያቱም በመንገድ ዳር ከጀሪካን የሚቀዳ ነዳጅ ከየት እንደመጣ፣ በምን ዕቃ እንደቆየና ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማንም አያውቅም። ነጂዎችም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፊልትሮ አቧራንና ውኃን ይይዛል እንጂ በናፍታ ላይ የተቀላቀለውን ነጭ ጋዝ ሊለየው አይችልም፤ ጋዙም የናፍታውን ቅባትነት እያሳነሰ ፖምፓውን ይበላዋል።

ነገር ግን በርሜልን ከእርሻ ላይ ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም። ኮምባይነር በየቀኑ ከማሳው ወጥቶ ወደ ሮቤ ማደያ ሊመላለስ አይችልምና፣ ነዳጁ በተፈቀደ መንገድ ወደ እርሱ መሄድ አለበት። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ የበርሜል አያያዝ ትምህርትም ያስፈልጋል። በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል በከንፈሩ ውስጥ የዝናም ውኃ ይይዛል፤ ሌሊት ሲበርድ ያንኑ ውኃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። በርሜሉ ከጥላ ሥር፣ በእንጨት ላይ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖቹ በአግድም እኩል ሆነው ቢቀመጥ ይህ አይደርስም። ከተጓዘ በኋላ ወዲያው ሳይቀዳ አንድ ሌሊት ቢያድር ዝቃጩ ይረጋል። የመቅጃው ቱቦም የበርሜሉን ሥር ሳይነካ አንድ ጋት ያህል ከፍ ይበል፤ ከሥር የሚቀረው ጥቂት ሊትር እንደ ኪሳራ አይቆጠር። በሸማ ማጥለል አቧራውን ቢይዝ እንጂ ውኃውን አያስቀርም።

ለነጂውና ለረዳቱ

ፊልትሮን በሚመለከት መደረግ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ዋና ዋናውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ፤ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የውኃ መለያውን የሥር ቡሎን ላላ አድርጎ በጠርሙስ መቀበል፤ ንጹሕ ናፍታ እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ፤ ከዚያም አጥብቆ በእጅ ፓምፑ መሙላት። የተቀበለውን ጠርሙስ ጥቂት ቢያቆየው ውኃው ከሥር ሲለይ በዐይኑ ያያል። ውኃው በየቀኑ የሚበዛ ከሆነ ነዳጁን የቀዳበትን ቦታ ይመርምር።

2ኛ፤ ከተቻለ ታንኩን ማታ ሞልቶ ማሳደር።

3ኛ፤ ፊልትሮውን መኪናው ሳይቆም በፊት መቀየር። እንደ መኪናው ዓይነት ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ በእርሻ መሣሪያ ደግሞ በሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ከ250 እስከ 500 ሰዓት የተለመደ ልክ ነው። የታመነው ልክ ግን ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ የሚለው ነው። በጠጠር መንገድና በጀሪካን ነዳጅ ለሚሠራ ልኩን ማሳጠር ይገባል።

4ኛ፤ ሲቀየር ዙሪያውን አስቀድሞ መጥረግ፤ ጎሚኒውን በጥቂት ዘይት ማስነካት፤ በእጅ ማጥበቅ። አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን በቀጥታ ሞልቶ መግጠም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያልተጣራው ነዳጅ ወደ ንጹሑ ወገን ገብቶ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳልና። የሚሞላው በእጅ ፓምፑ ነው። ከዚያም የአየር ማስወጫውን ቡሎን ላላ አድርጎ አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ መጫን ነው።

5ኛ፤ አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ ወይም በአየር ነፍቶ አለመመለስ። ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ቀዳዳውም ለዐይን አይታይም። ፊልትሮውን አልፎ በቱቦ ብቻ ማገናኘትም የሞተሩን ዕድሜ በራስ እጅ ማሳጠር ነው።

6ኛ፤ የቤንዚን ፊልትሮ የሚቀየረው ሞተሩ ሲበርድ፣ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ነው። በላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ናፍታ ያጠፋ መኪና በመንገድ ያቆማል፤ ቤንዚን ያንጠባጠበ መኪና ግን ሰውን ከነንብረቱ ያቃጥላል።

ወጪው የማን ነው?

ይህ ሁሉ ቀላል ከሆነ ስለ ምን አይደረግም? ምክንያቱን ለማወቅ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ መመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የመኪናው ባለቤት በከተማ ነው፤ ነጂው በመንገድ ላይ ነው። ነጂው የሚመሰገነው ቶሎ በመመላለሱ ሲሆን፣ ለፊልትሮ ገንዘብ ሲጠይቅ ገንዘብ እንደሚያባክን ይቆጠራል። ባለቤቱ ደግሞ መኪናው እየሄደ ሳለ ለምን ዕቃ እንደሚቀየር አይገባውም። በዚህም ምክንያት ፊልትሮ የሚቀየረው ሲደፈን ብቻ ነው፤ ሲደፈን ደግሞ ፖምፓው መጎዳት ከጀመረ ቆይቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ሰው ኪስ ያልፋል። ፖምፓና ኖዝል በአገራችን አይሠሩም፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ፊልትሮም ዋጋው ጨምሯል፤ ይሁን እንጂ ፊልትሮው በጨመረ ቁጥር ፖምፓው ከእርሱ በብዙ እጅ ይጨምራል። ስለዚህ ዕቃ በተወደደ ጊዜ ፊልትሮን ማዘግየት ቁጠባ የሚመስል ኪሳራ ነው። ዋጋው መወደዱ ያመጣው ሌላው ጣጣ ስመ ጥር ፋብሪካዎችን ምልክት አስመስሎ የሚሸጠው የውሸት ፊልትሮ ነው። ወረቀቱ ሳስቶ፣ ማጣበቂያው ላልቶ የተሠራ ፊልትሮ ከሌለ አይሻልም፤ ባለመኪናውን ያለ ሥጋት እንዲነዳ ያታልለዋልና። ከታወቀ ነጋዴ በደረሰኝ መግዛት አንዱ መከላከያ ነው።

በኛ አስተያየት መፍትሔው በአራት ወገን ይከፈላል። ባለመኪናዎች ለእያንዳንዱ መኪና ደብተር ይክፈቱ፤ ፊልትሮው የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍበት፤ ገንዘቡም ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይመደብ። የማደያ ባለቤቶች የምድር ውስጥ ታንካቸውን ሥር በየጊዜው ይለኩ፤ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ተቀብቶ ይህን በደቂቃ ያሳያል። ቦቴ በሚገለበጥበትና ዝቃጩ በሚናወጥበት ሰዓት መቅዳት ያቁሙ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከኮምባይነር ባለቤት ጋር ሲዋዋሉ ስለ ኪራዩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ከመከር በፊት ስለ መመርመሩም ይጠይቁ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋሞች ደግሞ ለነጂዎችና ለረዳቶች የአንድ ወይም የሁለት ቀን ትምህርት ቢሰጡ፣ ትምህርቱም በኦሮምኛና በአማርኛ ቢሆን፣ ድካሙ ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። በሐምሌ ዝናም ሥር የደረሰ የሲናና ስንዴ ነገ የሚባል ቀን የለውም። ገበሬው አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞና ጠብቆ የበኩሉን ፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የነጂው፣ የባለመኪናውና የነዳጅ ሻጩ ነው። ከእነርሱም የሚጠበቀው ጧት አንድ ቡሎን ላላ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ፣ በጊዜውም አንዲት ፊልትሮ መቀየር ነው። ይህን ማድረግ የባሌን እህል ከገበያ የማድረስ ግዴታ አንዱ ክፍል መሆኑን ሁሉም እንዲገነዘበው እናሳስባለን።